በአባቴ እጅ የተገጠመው ፍሬን

ፍሬኑ እምቢ ያለኝ ከለቅሶ ስመለስ ነው። የሥራ ባልደረባዬ አጎቷ ጥሊሊ ሞተውባት ነበርና እሷን ይዤ ሄጄ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ እንጅባራ እየተመለስን ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ዘንገና አካባቢ ቁልቁለቱን ስንጀምር በጎች አስፋልቱን ሞልተው ይሻገራሉ። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ምንም ሳይገታኝ እስከ ወለሉ ወረደ። ደግሜ ረገጥኩት። ባዶ ነው።

«ያዢ እንጂ!» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለስኩት፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ባለኝ ጉልበት ጎተትኩት። የኋላ ጎማዎቹ እርጥቡ አስፋልት ላይ ሲንሸራተቱ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩና ከመንገዱ ወጥተን አንድ የድንች ማሳ ውስጥ ገብተን ቆምን። በጎቹ ተርፈዋል። ባልደረባዬ ግን ግንባሯ ከፊት መስታወቱ ጋር ተጋጭቶ ደሙ በአፍንጫዋ ላይ ይወርዳል። ለለቅሶ የለበሰችውን ነጠላ አጣጥፌ ግንባሯ ላይ ያዝኩላት። የበጎቹ ባለቤት፣ አንድ ጎልማሳ ገበሬ፣ እየሮጠ መጥቶ በአዊኛ ደህና መሆናችንን ጠየቀኝ። በእናቴ አገው ስለሆንኩ በዚያው ቋንቋ መለስኩለት። ሰው ጠራ። ቮልስ ቀላል መኪና ናት፤ ሰባት ሆነው ከጭቃው አንስተው መንገድ ዳር አቆሙልን።

በሚኒባስ እንጅባራ ጤና ጣቢያ ወስጄ ግንባሯን አሰፋኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ፍሬኑን በቅርቡ አሠርተሽው የለም እንዴ?» አለችኝ።

«አሠርቼዋለሁ። አባቴ ነው የሠራው።»

ይህን ያልኳት በሥራው ላይ ጥርጥር እንዳይገባት ነው። አባቴ ሠራው ማለት ለእኔ ነገሩ አለቀ ማለት ነበር።

አባቴ ዳንግላ ውስጥ ጋራዥ አለው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው አሮጌ መኪና ነው፤ በተለይ ቮልስ። ከባሕር ዳር ሳይቀር የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ቮልስ እያስጎተቱ የሚመጡ ነበሩ። ስሙ የወጣው በጥገናው ብቻ አይደለም፤ በእምቢታውም ነው። ሰው ከገበያ ርካሽ ዕቃ ገዝቶ ሲመጣ ተቀብሎ ያገላብጠውና «ይሄ ፎርጅድ ነው፤ እኔ አልገጥምም» ብሎ ይመልስለታል። ደንበኛው ቢቆጣም፣ ቢለምንም ያው ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ሰሌዳ ነበረው። በግራ በኩል ኦሪጅናል ዕቃ፣ በቀኝ በኩል ተመሳስሎ የተሠራው፣ ጎን ለጎን በሽቦ ታስረው። ለገባ ሁሉ ልዩነቱን ያሳያል።

ለእኔም ያሳየኝ ልጅ ሳለሁ ነው። ዓይኔን አስጨፍኖ በሁለት እጆቼ ሁለት ዕቃ ያስይዘኝና «የትኛው ነው የሚዋሸው?» ይለኛል። ክብደቱን እለካለሁ፣ በጣቴ ጠርዙን እዳስሳለሁ፣ ጎማ ከሆነ አሸተዋለሁ። ኦሪጅናሉ ላይ ቁጥሩ ከብረቱ ጋር አብሮ ተነስቶ የወጣ ነው፤ በፎርጅዱ ላይ በኋላ በመዶሻ የተመታ ስለሚሆን ጠርዙ ይሻክራል። ስሳሳት አይቆጣኝም፤ «እንደገና» ብቻ ይላል። አሁን እንጅባራ በአንድ የሙያ ማሰልጠኛ አውቶ መካኒክ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ግማሹ ከዚያ ጋራዥ የወጣ ነው። ቮልሷንም የሰጠኝ እሱ ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ለቁርጥራጭ ብረት ልትሸጥ ስትል አግኝቷት፣ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ ስመረቅ ቁልፏን እጄ ላይ አኖረልኝ።

ከአደጋው ሦስት ሳምንት በፊት የፍሬኗን ማስተር ቀይሮልኝ ነበር። ማስተር ማለት ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዕቃ ነው። በእንደኔዋ ዓይነት የድሮ ቮልስ መስመሩ አንድ ብቻ ስለሆነ እሱ ከሄደ አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም። ዕቃውን ሲያወጣው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከታች መሳቢያ አንድ ያረጀ ካርቶን አነሳ፤ ጠርዙ ተልጧል፣ ጽሑፉ ደብዝዟል። «ያስቀመጥኩት ነው፤ ከድሮው» አለኝ። ደስ አለኝ። ለእኔ ብሎ ያስቀመጠው መሰለኝ።

ከአደጋው ማግስት መኪናዋን ወደ ማሰልጠኛው አስጎትቼ ማስተሩን ፈታሁት። ክረምት ስለነበር ተማሪ የለም፤ ወርክሾፑ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ውስጡ ያለው ጎማ፣ እኛ ጎሚኒ የምንለው፣ በሦስት ሳምንት አብጦ እንደ ራሰ ዳቦ በጣቴ መካከል ፈረሰ። የብረቱን ውጭ በቤንዚን አጠብኩት። ቁጥሩን በጣቴ ዳሰስኩት። ሻከረኝ። መብራት ሥር ወስጄ አየሁት። በመዶሻ የተመታ ነው፤ አንዱ ቁጥር ከሌሎቹ ትንሽ ዘንበል ብሏል።

መጀመሪያ ያዘንኩት ለአባቴ ነው። አታለውታል አልኩ። ዕድሜው ገፍቷል፣ ዓይኑ ደክሟል፣ የሆነ ነጋዴ ፎርጅድ በአሮጌ ካርቶን አድርጎ ሸጦለታል። እንዴት ብዬ ነው የምነግረው? በስልክ የሚነገር አልመስል አለኝ። ማስተሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ በማግስቱ ሚኒባስ ያዝኩ። አዲስ ቅዳምን አልፈን ዳንግላ እስክንደርስ በልቤ ቃል ስመርጥ ነበር። «አባዬ፣ አንድ ሰው በድሎሃል» ብዬ ለመጀመር ወሰንኩ።

ከመናኸሪያ በጋሪ ሄድኩ። ጋራዡ ተዘግቷል። ፍልሰታ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ እንደሚቆይ አውቃለሁ። ቁልፍ ስላለኝ ከፍቼ ገባሁ። እስኪመጣ ድረስ ከእውነተኛ ማስተር ጋር ላስተያየው ብዬ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛው ሄድኩ።

ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አንድ ማስተር ታስሯል። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ሦስት ቁጥር ተመትቶበታል፤ የቀረው ቦታ ባዶ ነው። ከጎኑ መዶሻ፣ ከመዶሻው ጎን የቁጥር መምቻዎቹ በጨርቅ ላይ በቅደም ተከተል ተደርድረዋል።

ቆሜ አየሁት። ከዚያ የታችኛውን መሳቢያ ሳብኩ። በላስቲክ የታሸጉ፣ ቁጥርም ስምም የሌላቸው ማስተሮች። ከሥራቸው ባዶ ካርቶኖች፣ እያንዳንዱ ተጣጥፎ። እነዚያን ካርቶኖች አውቃቸዋለሁ። ደንበኞች ሲጥሏቸው እያነሳ ያስቀምጣቸው ነበር፤ እናቴ ስትስቅበት «ትዝታ ናቸው» ይላት ነበር። እኔም አምኜው ነበር። አንድ ጣሳ ውስጥ ጥቁር ቅባት አለ፤ አዲሱን ብረት ለማስረጀት የሚቀባው መሆኑ ገባኝ።

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። አባቴ ነጠላውን እንዳጣፋ ገባ።

«መቼ መጣሽ? ሳትደውይ?» አለና ፊቴን አይቶ ቆመ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ሞርሳው ሄደ።

«ማን ነው ይሄን የሚሠራው?» አልኩት። መውጫ እየሰጠሁት ነበር። አንድ ሠራተኛ አለኝ፣ ከእኔ ተደብቆ ነው ቢለኝ አምነው ነበር። ልምነው ፈልጌም ነበር።

«እኔ ነኛ» አለ። ነጠላውን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለው። «ሌላ ማን አለ?»

በጋዜጣ የጠቀለልኩትን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ዘንገና ላይ የሆነውን ነገርኩት። ጉልበቴን፣ ፊቴን፣ እጄን በዓይኑ ፈተሸ።

«አንቺ ምንም አልሆንሽም?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። የሰው ልጅ ግንባር ተሰፍቷል።»

ተቀመጠ። ከዚያ መናገር ሲጀምር ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። ኦሪጅናሉ መምጣት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኗል አለ። የሚገኘው ይሄው ነው፤ ማን እንደሚያመርተው እንኳ አይታወቅም። ደንበኛው ግን ይሄንን እውነት አይፈልግም።

«ፎርጅድ ነው ካልኩት ጥሎኝ ይሄድና እዚያ ማዶ ያው ዕቃ ኦሪጅናል ነው ተብሎ ይገጠምለታል። እኔ ጋ ሲመጣ ካርቶኑን ካላየ አይረጋም። አንዳንዱ ደግሞ ቁጥሩን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያመሳክራል።»

«ስለዚህ ቁጥሩን ትመታለታለህ።»

«አብዛኛው እኮ ይሠራል። ሁሉም መጥፎ አይዶለም።»

«ለእኔስ አባዬ? እኔም ካርቶን ካላየሁ አልረጋም ነበር?»

«ላንቺ ከመካከላቸው ደህናውን መርጬ ነው የገጠምኩት» አለኝ።

ይህን ሲል ዓይኔን እያየ ነበር። የሚያጽናናኝ መስሎታል። እኔ ደግሞ ያንን ቀን ነው የማስበው፤ መሳቢያውን ስቦ፣ እያገላበጠ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ለልጁ የተሻለውን ውሸት ሲመርጥ።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። እናቴ ካረፈች በኋላ ነው አለ። ማን ማን ጋ እንደገጠመ ስጠይቀው ጥቂት ሰዎች ጠራ፤ ከሁሉ ያስደነገጠኝ አንዱ ነው። መምህሩ። ዳንግላ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ። ባለቤታቸው የደም ግፊት ስላለባቸው ለክትትል በቮልሳቸው ነው እንጅባራ የሚያመላልሷቸው። ሲመለሱ መንገዱ ቁልቁል ነው።

«ነገ ጠዋት አብረን ሄደን እንነግራቸዋለን» አልኩት።

«እሺ።»

«አንተ ነህ የምትነግራቸው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

በማግስቱ በእግራችን ሄድን። ጭቃ ነበር፤ እሱ ደረቅ ደረቁን እየመረጠ ከፊት ይሄዳል፣ እኔ እከተለዋለሁ። የመምህሩ ቮልስ ግቢው ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ታጥባ ቆማለች። መምህሩ ሲያዩን ደስ አላቸው። «የኔ ጎበዝ ተማሪ!» ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። ጾም ስለሆነ የሚቀርብልን ነገር ባለመኖሩ ይቅርታ ጠይቀው አስቀመጡን። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው ሰላም ብለውን ተመለሱ።

አባቴ ስለ ዝናቡ አወራ። ስለ ማዳበሪያ መዘግየት አወራ። መንገድ ስለ መዘጋቱና ስለ መከፈቱ አወራ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አላየኝም። ስለ መምህሩ ልጅ ሥራ ጠየቀ። በመጨረሻ እኔው ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ መኪናዋን ለጊዜው አይንዷት። የተገጠመው የፍሬን ማስተር ትክክለኛ አይደለም። የኔ ተበላሽቶ አደጋ ደርሶብኝ ነበር።»

መምህሩ ሳቅ አሉ። «ይሄ ሰውዬ የገጠመውን ነው ትክክል አይደለም የምትይው?» ብለው ወደ አባቴ ዞሩ። «እውነት ነው እንዴ?»

አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጣቱ ጠርዙን ያዞራል። አንድ ጊዜ አዞረው፣ ሁለተኛ አዞረው።

«ልጅቱ ደንግጣ ነው መምህር» አለ። «አደጋው ከባድ ነበር። የሷን መኪና ደግሞ ተማሪዎቿ ይፈቱታል፣ ይገጥሙታል። የሆነ ነገር ነካክተው ይሆናል።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ያችን መኪና ከእሱና ከእኔ በቀር ማንም ነክቷት አያውቅም፤ ይሄንን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ዞሬ አየሁት። ባርኔጣውን እያየ ነው።

«አባዬ» አልኩት።

መምህሩ ፊታቸው ተለወጠ። ልጅ ሳለሁ የቤት ሥራ ሳልሠራ ስቀር የሚያዩኝን አስተያየት ነው ያዩኝ። «ተምረሻል፣ አስተማሪ ሆነሻል፣ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ግን አባትን በሰው ፊት እንዲህ አይሉም። እጁ ያሳደገሽ ሰው ነው።»

ተነሳሁ። ምን ብዬ እንደተሰናበትኩ አላስታውስም። ከግቢው ወጥቼ በፍጥነት ስሄድ አባቴ ከኋላዬ ሲጠራኝ ሰማሁ። መንገዱ ላይ ደረሰብኝ፤ ትንፋሽ አጥሮታል።

«በሱ ፊት አልቻልኩም» አለኝ። «ስንት ዘመን እንደ ወንድም የኖርን ሰዎች ነን።»

«እኔስ? እኔ ማን ነኝ?»

«አንቺማ ልጄ ነሽ። አንቺ ትችይዋለሽ።»

የሚያልፍ ባጃጅ አስቁሜ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ጋራዡ ጓሮ ከተጣለ ብረት መካከል ከእኔ መኪና የወጣውን ኦሪጅናል ማስተር ባለፈው ማታ ለይቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። እንጅባራ እስክደርስ ቦርሳውን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ማለት አልችልም፤ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ግን ሳልጠይቃት መሐረብ ሰጠችኝ።

ስለ ማስተሩ ከተነሳ፣ ከዚያ በኋላ ባልደረባዬ ስትጠይቀኝ «ከገበያ የተገዛ ዕቃ ሆኖ ነው» አልኳት። ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ እያየሁ ነው ይሄን ያልኳት። ለምን እንደዋሸኋት ልገልጸው ብሞክር የአባቴን ቃል ከመድገም የተሻለ ነገር የለኝም፤ በሷ ፊት አልቻልኩም።

በመምህሩ ነገር ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። ስልክ ስደውል አያነሱም። ስለዚህ ባለቤታቸው ጋ ደወልኩ። እሳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ማንን እንደማምን አላውቅም ልጄ» አሉ። «ግን ሁለታችሁ እስክትስማሙ ድረስ በሚኒባስ እሄዳለሁ።»

ከወር በኋላ አንድ አይሱዙ የማሰልጠኛው በር ላይ ቆመ። ከላዩ የመምህሩ ቮልስ በገመድ ታስራለች። መምህሩ ከሾፌሩ አጠገብ ነበሩ። ወርደው ሰላም አሉኝና «ባለቤቴ አልሳፈርም አለች። እስኪ ፍቺውና አሳዪኝ» አሉ።

እፊታቸው ፈታሁት። የኔን ያህል አልደረሰም፤ ጎሚኒው ግን ማበጥ ጀምሯል። በጣቴ ስጫነው ጥቁር ቀለሙ እጄ ላይ ቀረ። እጃቸውን ዘርግተው ወሰዱትና እሳቸውም ጫኑት። ቁጥሩን አሳየኋቸው፤ ከኔው ማስተር ጎን አስቀምጬ፣ በሁለቱም ላይ ያው ቁጥር ወደ አንድ በኩል ዘንበል ማለቱን። አንድ እጅ የመታቸው መሆኑን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ለአባትሽ አትንገሪው» አሉኝ። «ማወቄን ካወቀ ዓይኔን ማየት አይችልም።»

«እኔስ ጋሼ? እኔም ከቤትዎ አፍሬ ነው የወጣሁት።»

«አውቃለሁ» አሉ። ቆየት ብለው ደግመው «አውቃለሁ» አሉ። ይቅርታ አላሉኝም። ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንስተው እጃቸውን ይጠርጉ ጀመር፤ ከጠራም በኋላ መጥረጋቸውን አላቆሙም።

ከሳቸው መኪና የወጣውን አሮጌ ኦሪጅናል ባለቤታቸው ቆርቆሮ ሥር አግኝተው ልከውልኝ ነበር። የእሳቸውንም የኔንም ቶርኖ ቤት ወስጄ ውስጡን አስፍቼ የነሐስ ቱቦ አስገባሁባቸው፤ ጎሚኒውን ከሚታመን ሰው አፈላልጌ አገኘሁ። ሁለቱም አሁን ይይዛሉ። በወር አንድ ጊዜ እፈትሻቸዋለሁ።

አባቴ በስልክ የቀሩትን ደንበኞች ራሱ እንደሚነግራቸው ቃል ገባልኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም «ነግሬያቸዋለሁ» አለኝ። በፊት ቢሆን ኖሮ ይህ ይበቃኝ ነበር። አሁን አልበቃኝም። ስልኩን አስቀምጬ ከደንበኞቹ አንዱ ጋ፣ ቡሬ የሚኖር ሰው ጋ፣ ደወልኩ። የአባቴን ቃል ለማጣራት ሰው ጋ ስደውል የመጀመሪያዬ ነው፤ ጥሪው ሲያስተጋባ ዝጊው ዝጊው አለኝ።

«አዎ፣ ደውሎልኝ ነበር» አለኝ ሰውዬው። «ነጋዴዎች አታለውት ነው አሉ። ከእውነተኛው ጋር ፎርጅድ ቀላቅለው ሸጠውለት። ምስኪን፣ በዚህ ዕድሜው! እኔማ አዘንኩለት። መኪናዬን አቁሜያታለሁ።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሰውዬው መኪናውን አቁሟል። እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ዘጋሁት።

አባቴ አሁን የሚጠግነው ባጃጅ ነው፤ ዕቃው በየሱቁ ስላለ ማንም ካርቶን አሳየኝ አይለውም። እሑድ እሑድ ይደውልልኛል። ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል፣ ስለ እንጅባራ ብርድ ይጠይቀኛል። ስለ ቮልሷ አንስቶ አያውቅም። ባለፈው እሑድ ሊሰናበተኝ ሲል «ተቀይመሽኛል?» አለኝ። ጎረቤት ሰው ቤቴ ቁጭ ብሎ ነበርና «ኧረ የለም» አልኩት። ሰውዬው ከሄደ በኋላ መልሼ ልደውል ስልኩን አነሳሁ፤ ምን እንደምለው ስላጣሁ መልሼ አስቀመጥኩት።